የላሚቱ ሆድ ዕቃ

የሰው እጅ ግሩም ፍጡር ነው። አንድ ነገር ከለቀቀ፣ ያ ነገር ከዓለም የጠፋ ይመስለዋል። መቼም እናንተም እንደ እኔው ናችሁ፤ ካልሆናችሁም ለዛሬ ሁኑልኝ፣ ብቻዬን መወቀስ ሰልችቶኛል።

ለእጃችን ጥብቅና ልቁምለት ካልኩ ግን የምለው አላጣም። እኛ የከፋ አገር ሰዎች ድሮ ቅቤውንም ቆጮውንም የምንጠቀልለው በእንሰት ቅጠል፣ በኮባ ነበር። ከጨረስን በኋላ ባጥር ላይ ስንወረውረው ላም ትበላዋለች፤ ላም የተወችውን መሬት ይበላዋል። መጣል ማለት መመገብ ነበር። ከዚያ ፌስታል መጣ። ዕቃው ተለወጠ እንጂ እጃችን አልተለወጠም፤ ዛሬም ባጥር ላይ እንወረውራለን። ላምም እንደ ድሮዋ ትጠብቀናለች።

እኔም አንድ ቀን ከማንኪራ ማር ይዤ ስመለስ፣ መንገዱ ረዘመብኝና ማሩን ስልስ ስልስ፣ ቦንጋ ዳር ሰፈሬ ስደርስ አልቆ ፌስታሉ ቀረ። ቋጠር አድርጌ ባጥር ላይ ላክሁት። አጥሩ የእትዬ አስካለ ነው፤ በአንዲት ላም ቅቤ ሦስት ልጅ ያስተማሩ ሴት። የላሟ ስም ቦራ ነው።

በሳምንቱ ቦራ መብላት ተወች። ሆዷ ተነፋ፤ ያውም በጥፊ ቢመቷት ደካ መንደር ድረስ የሚሰማ ከበሮ እስክትሆን። እትዬ አስካለ ከጎኗ አልነሳም አሉ፤ "ይቺ ከሞተች እኔን ማን ያኖረኛል?" ይላሉ። እኔ ደግሞ መቀመጥ አቃተኝ። ገበያ ወጥቼ ሳልገዛ እመለሳለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ሳልቀመጥ እወጣለሁ። "እንዴት ናት?" እያልኩ ስመላለስ፣ በአሥረኛው፣ "አንተ ወልዴ፣ ዘመዷ ነህ እንዴ?" አሉኝ።

የእንስሳት ሐኪሙ መጣ። ሰፈሩም መጣ። ሐኪሙ የቦራን ግራ ጎን ላጭቶ፣ አደንዝዞ ቀደደና እጁን እስከ ትከሻው አስገባ። ፌስታል ወጣ። ሌላ ወጣ። እንደገና ወጣ፤ ላም ሳይሆን መጋዘን የሚፈተሽ መሰለን።

"ጋሽ መኮንን፣ ይሄ አረንጓዴው የእርስዎ ሱቅ አይደለም?" አለ አንዱ።

"እኔ የሸጥኩት ስኳር ነው!" አሉ ባለሱቁ። "ፌስታሉ ምርቃት ነው!"

ቀጥሎ የእኔው ብቅ አለ። እኔ የምቋጥረው ቀፎ ዛፍ ላይ በምሰቅልበት ቋጠሮ ነው፤ በአገሩ እንደ እኔ የሚቋጥር የለም እያልኩ ስፎክርበት ኖሬያለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ግን ላም ሆድ ገብቶም አልተፈታም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ጥንካሬውን እዩልኝ" አልኩ።

ማንም አልሳቀም።

ቦራ ተሰፋች፤ በሦስተኛው ቀን ሣር ቀመሰች፣ ተረፈች። እትዬ አስካለ ግን አንድ የወቀሳ ቃል አልተናገሩንም። ቢሰድቡን በስንት ጣዕሙ! ፌስታሎቹን አጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አሰጡ፣ አጣጠፉ፤ ከዚያ በየቤቱ እየዞሩ "ዕቃችሁ ላሜ ዘንድ ቀርቶ ነበር" እያሉ ለየባለቤቱ መለሱ። ለጋሽ መኮንን አንድ እቅፍ ሙሉ አስረከቧቸው። በማግሥቱ ጋሽ መኮንን ስኳሩን በወረቀት መጠቅለል ጀመሩ፤ ጨው ፈላጊውንም "ዕቃህን ይዘህ ና" እያሉ ይመልሱታል። ደንበኛው እያጉረመረመ ጣሳውን ይዞ ይመጣል። ሱቁም አልተዘጋ፣ ሰማዩም አልወደቀ።

የእኔን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እንግዲህ ምን ላድርገው? ባቃጥለው ጭሱ ንቦቼን ያባርራል። ብቀብረው ዶማዬ መልሶ ያወጣዋል። ወንዝ ብሰጠው ከታች የሚጠጣ ሰው አለ። ባጥር ላይ እንዳልወረውር፣ ከየትኛው አጥር ጀርባ ላም እንደሌለች ማን ይነግረኛል? ኪሴ ከተትኩትና ይዤው ስዞር ሰነበትኩ፤ በተራመድኩ ቁጥር ኮሽ ይላል።

ትናንት ጨው ልገዛ ጋሽ መኮንን ዘንድ ገባሁ።

"ዕቃህስ?" አሉኝ።

አወጣሁት። ዓይተው አወቁት፤ ጨዉን ሞልተው ሰጡኝ። ወደ ጓዳ ሲዞሩ የእሳቸውም ኪስ ኮሽ አለ።