የወፍ ንጉሥ ፍለጋ ከአማቴ ጋር

ዛሬ ማን እንዳዋረደኝ ብነግራችሁ አታምኑም። አውራ ጣት የምታክል ወፍ። እሷንም ያየኋት እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ሰመር ላርስን ላገባ ነው። አባቱ አርነ ደግሞ ቤት ውስጥ ቃል አይወጣቸውም፤ ሰው የሚቀርቡት ጫካ ውስጥ ነው አሉ። ስለዚህ ከሰፈራቸው ከሊንደሩድ በላይ ወዳለው ጋራ ሁለታችን ብቻ ወፍ ልናይ ወጣን።

ጉም ነው በቃ። ጥዱ ከወገቡ በላይ አይታይም።

የምንፈልጋት ወፍ በእነሱ ቋንቋ ፉግለኮንገ ትባላለች፤ የወፍ ንጉሥ ማለት ነው። ጥድ ውስጥ ከተሸጎጠች በድምፅ ካልሆነ አትገኝም።

«ድምፅዋ በጣም ቀጭን ነው፤ እኔ እሱን መስማት ካቆምኩ ቆየሁ» አሉ አርነ። «ዛሬ ጆሮዬ አንቺ ነሽ።»

እኔ? ከዶሮ ውጪ ወፍ ለይቼ የማላውቅ? ግን አማት እምቢ ይባላል?

ኮፍያቸውን ጆሯቸው ድረስ ሳብ አደረጉና ገባን። ወዲያው «ሲሲሲሲ»።

«አዎ፣ ሰማኋት! በዚህ በኩል።»

ሄድን። ድምፁም አብሮን ሄደ። ቁልቁል ስንወርድ ወረደ። ረግረግ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ስወጣም «ሲሲሲሲ»።

«ወዳናለች መሰለኝ፣ እየተከተለችን ነው» አልኩ በኩራት። አርነ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

በመጨረሻ ቆም አሉ። ድምፁ ከእሳቸው ራስ አካባቢ ነው የሚመጣው። ትከሻቸው ላይ አርፋ ይሆን? በእግሬ ጣት ቆሜ ጆሮዬን ወደ ጆሯቸው አስጠጋሁ።

ድንገት ዞር አሉ። አፍንጫችን ተጋጨ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ምን ልበል? «ወፏ... ጆሮዎት ውስጥ ናት።»

ኮፍያቸውን አወለቁ፤ የመስሚያ መሣሪያቸውን ከጆሯቸው አወጡ። መዳፋቸው ላይ ሆና «ሲሲሲሲ» ትላለች። ለካ ኮፍያም ሆነ መዳፍ ሲነካት ታፏጫለች፤ እሳቸው ደግሞ ፉጨቷን አይሰሙም!

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ፣ ሱሪዬን የምጠርግ መስዬ አጎነበስኩ።

ያኔ አርነ ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ። ቀና ስል ባዶ ቅርንጫፍ ይወዛወዛል። ንጉሥ ሆዬ መጥተው፣ ታይተው፣ ሄደዋል።

«አናቷ ላይ ያለውን ቢጫ መስመር አየሽው አይደል?» አሉ በሹክሹክታ።

«አዎ» አልኩ። «በጣም ያምራል።»

አርነ ጭቃዬን አዩ፣ ፊቴን አዩ፤ ከዚያ ጥዱን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቤት ስንደርስ ጫማቸውን ሳያወልቁ ላርስን ጠሩት።

«የሠርጉን ንግግር አገኘሁ» አሉት።

ንግግሩን ለቤተሰቦቼ ወደ አማርኛ የምመልሰው ደግሞ እኔ ነኝ። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ጫካ ውስጥ የአማቴን ጆሮ ልስም የደረስኩበት ምክንያት ለአባቴ እንዴት ተብሎ ይተረጎማል?