ላጲስና ባለጃንጥላው

እኛ ሰዎች ያማረ ዕቃ እጃችን ሲገባ መጀመሪያ የምናስበው እንዴት እንደምንጠቀምበት ሳይሆን እንዴት እንደማንነካው ነው። እስቲ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ዛሬም ከነላስቲኩ ነው፤ ላስቲኩ ከመወየቡ የተነሳ ቁጥሩ አይታይም፣ ድምፅ ልጨምር ስትሉ ጣቢያ ትቀይራላችሁ፣ ላስቲኩ ግን አይወልቅም። ቡፌ ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ከሠርጋችሁ ቀን ጀምሮ አንድ ትልቅ እንግዳ ይጠብቃሉ። እንግዳው ማን እንደሆነ እናንተም አታውቁትም። ምናልባት መጥቶ በፕላስቲክ ኩባያ ጠጥቶ ሄዶ ይሆናል።

ይህን የምለው ልወቅሳችሁ ብዬ አይደለም። በዚህ በሽታ ከእናንተ የባስኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ወላይታ ሶዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ዘመኑ የየክፍሉ ስም በአንድ ጀንበር ተፍቆ «የሥራ ሂደት» የሚል የተለጠፈበት፣ እኛም በሥልጠና ብዛት ወንበራችንን የረሳንበት ነበር። የክፍሌ ስም ቢቀየርም ሥራዬ አልተቀየረም፦ ሰው የጻፈውን ወረቀት እንዳይጠፋ መጠበቅ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ባዛር ሲኖር ደግሞ አሮጌ ኮሚክ እሸጣለሁ። ኮሚክ ስላችሁ ያ በሥዕል የሚተረከውን፣ የሰዎቹ ንግግር ከአፋቸው አጠገብ በክብ ውስጥ የሚጻፍበትን የፈረንጅ መጽሔት ማለቴ ነው። ሶዶ ባዛር አለ ሲባል ሶዶ፣ ቦዲቲ አለ ሲባል ቦዲቲ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ካርቶን ይዤ እገኛለሁ። ገበያው ደርቶ አያውቅም። የሶዶ ወላጅ መጽሔቱን አገላብጦ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ ለስንተኛ ክፍል ነው? ፈተና ላይ ይወጣል? አይወጣም ስለው በትዝብት አይቶኝ ወደ ቻይና ብርድ ልብስ ያልፋል። ቢሆንም ደስተኛ ነበርኩ። ጠረጴዛዬ ጋ ቆሞ ማንበብ ክልክል አልነበረም፤ አንዳንዱ ከነጃኬቱ ቆሞ አንድ ሙሉ መጽሔት ጨርሶ፣ አመስግኖኝ ሲሄድ፣ የሸጥኩ ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

የሚገዙኝ ሰብሳቢዎች ናቸው። እነሱ አያነቡም፤ ይሰበስባሉ። የሙያውን ሕግ ያስተማረኝ ኮሌጅ ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ነው፦ ያልታጠፈ፣ ያልተቀደደ፣ ከሁሉ በላይ ማንም ያልጻፈበት። እኔም ሕጉን እንደ ዳዊት ደገምኩት። የታጠፈውን ጨርቅ ጣል አድርጌ በካውያ እተኩሳለሁ፣ የተጻፈበትን በላጲስ አጠፋለሁ፣ ከዚያ ላስቲክ አልብሼ አንጠለጥላለሁ።

ከንብረቴ ሁሉ የምኮራው ጃንጥላ ይዞ ሌባ በሚያሳድድ አንድ ቀጭን ፖሊስ ታሪክ ነበር። ታሪኩ ዘጠኝ ቁጥር አለው። ቁጥር አንድን አዲስ አበባ ለሥልጠና በሄድኩ ጊዜ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ገዝቼ፣ ላስቲክ አልብሼ፣ «አይሸጥም» ብዬ ጽፌበት ከጠረጴዛው በላይ ሰቅዬዋለሁ። በቀሪዎቹ ስምንት ደግሞ አንድ ቀን ቦዲቲ ላይ አንድ ባለሱቅ ምስማር ሊጠቀልል ሲል ደረስኩ። ለመጠቅለያው ሌላ ወረቀት ሰጥቼው ተረከብኳቸው። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

አንድ ጉድ ግን ነበረባቸው። በየሥዕሉ ግርጌ አንድ የማላውቀው ሰው በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከዳር እስከ ዳር ጽፎባቸዋል። በቦዲቲ ባዛር ሥራ በፈታሁባቸው ሰዓታት ሁሉ ላጲሴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ፍርፋሪውን እፍ ስለው በየባዛሩ ከጎኔ ዳጣ የሚሸጡት እትዬ አበበች ማሰሮ ውስጥ እየገባ፣ «ጋሼ፣ በርበሬውን በላጲስ አታጣፍጥብኝ!» ይሉኝ ነበር። ሰባቱን አጸዳሁ። ስምንተኛው፣ ማለትም ቁጥር ዘጠኝ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለነበር አልደከምኩበትም፤ እንዳለ ካርቶን ውስጥ ጣልኩት።

ምን እንደሚል አላነበብኩም። ወላይትኛ መሆኑን አይቻለሁ፣ ወላይትኛ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አሳምሬ እናገራለሁ። ግን አላነበብኩም።

በዚያው ዓመት በጊፋታ ሰሞን፣ ወላይታ ዘመን ሲለውጥ፣ ሶዶ ላይ ባዛር ሆነ። የዳሞታ ተራራ ደመና ሳይታሰብ ወረደና ሰው ሁሉ ያገኘው ድንኳን ሥር ተጠለለ። እኔ ጋ የገባችው ነጭ ጋውን በክንዷ የያዘች ነርስ ነበረች፤ ሲስተር ታደለች ትባላለች፣ ከኦቶና ሆስፒታል ተረኝነቷን ጨርሳ ወደ ቤት ስትሄድ ነው ዝናቡ የያዛት። ዝናቡ እስኪያባራ ካርቶኑን ታገላብጣለች። ድንገት እጇ ቆመ። ሽፋን የሌለውን ቁጥር ዘጠኝን አወጣችና ወደ ዐይኗ አስጠጋችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ከየት አገኘኸው?»

«ቦዲቲ። ምነው?»

«የአባባ ጽሕፈት ነው።»

ከዚያ ጮክ ብላ ታነብልን ጀመር። እኔ የማውቀው ሌባ ከባንክ ከረጢት ተሸክሞ ይሮጣል። በሲስተር አባት ጽሕፈት ግን ከረጢቱ ውስጥ ያለው የሰፈሩ የጊፋታ ሥጋ ነው! ሰዎቹ ዓመት ሙሉ አዋጥተው በሬ ገዝተው፣ አርደው፣ ቅርጫውን ሊከፋፈሉ ሲሉ አንዱ ሆዳም የሁሉንም ጠቅልሎ ጠፍቷል። ባለጃንጥላው ሽማግሌዎች የላኩት አማች ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚጮኸው የፖሊስ አዛዥ ደግሞ ሊቀመንበር ሆኖ «ምላሱን እንኳ መልሱልኝ!» ይላል። እትዬ አበበች ሳቁ፣ የብርድ ልብሱ ነጋዴ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሲስተር ግን እየሳቀች ዐይኗ ሞላ።

አባቷ አባባ ዳና ኦቶና አካባቢ ለነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞች አትክልተኛ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ሐኪሞቹ ሲሄዱ ልጆቻቸው ያነበቧቸውን ስምንት መጽሔቶች ለእሷ ብለው ሰጧቸው። እሷም በእነሱ አደገች። ኋላ ነርስነት ልትማር በሄደችበት ዓመት ቤቱ ሲታደስ እናቷ አሮጌ ወረቀት መስሏቸው በጆንያ ለቆራሊዮ ሰጧቸው።

«ከዚያ ወዲህ በየሄድኩበት እፈልጋለሁ» አለችኝ። «ሌሎቹስ?» ዐይኗ ከፊቷ ወደተንጠለጠሉት፣ በላስቲክ ውስጥ ወደሚያብረቀርቁት ሰባቱ ሄደ። አንዱን ከፈተች። ንጹሕ ነው። ዘግታ መለሰችው።

ክው አልኩ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «እነዚህ ሌላ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው።»

«እሺ፣ ይሄን እስከ ነገ አስቀምጥልኝ፤ አባባን አመጣዋለሁ፣ ራሱ ካርቶን ውስጥ ያግኘው» ብላኝ ሄደች። ዝናቡም አባራ። እትዬ አበበች የዳጣውን ማንኪያ እንደያዙ ዞር ብለው አዩኝ።

«ጋሼ፣ ቦዲቲ ላይ ስታጠፋ የነበረው ምንድን ነበር?»

በቢሮ ሰው የጻፈውን እንዳይጠፋ የምጠብቅ ሰውዬ፣ ደመወዜን በዚህ የምበላ ሰውዬ፣ አንድ አባት ለልጁ የጻፈውን በገዛ እጄ ፍቄ እፍ ብዬዋለሁ። አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም፣ አፈርኩ።

በማግስቱ አባባ ዳና በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። ኮታቸው የተተኮሰ፣ አረማመዳቸው የቀስታ፣ ዐይናቸው ግን ገና ንቁ ነው። ካርቶኑ ጋ ሳይደርሱ ቀደምኳቸው። ወንበሬን ሰጠኋቸውና ሰባቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጬ ነገሩን ሁሉ ተናዘዝኩ፤ ላጲሱን፣ ትላንት የዋሸሁትንም። ሲስተር ፊቷ ተለዋወጠ። ከጭናቸው አንዱን አንስታ የጠፋውን ፊደል ፍለጋ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ ዳና አንዱን ከላስቲኩ አውጥተው ገጹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«አንብበህ ነው ያጠፋኸው?»

«አላነበብኩም፣ አባባ።»

«እንደሱ ከሆነ ከፋ» አሉ። «አንብበህ አስጠልቶህ ቢሆን ደግ ነበር።»

በሕይወቴ ብዙ ግምገማ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን ደርሶብኝ አያውቅም። አንገቴን ደፋሁ።

የሽማግሌው ትከሻ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነበር። «እኔ እንግሊዝኛ የት አውቃለሁ? ሥዕሉን እያየሁ ነው ወሬ የምቀደው። ይሄ ልጅ ደግሞ» አሉ ወደ ሲስተር እየጠቆሙ፣ በሶዶ አማርኛ ሴቱም «እሱ» ነውና፣ «ይይዘኛል። ትላንት እንደዚህ አላልክም፣ ትላንት ሥጋው የደረት ነበር፣ ዛሬ የሽንጥ ሆነ ብሎ ያለቅሳል። በኋላ መረረኝና ጻፍኩት። የጻፍኩት ላለመጨቃጨቅ ነው።»

«የደረት ነበር» አለች ሲስተር በጣም በቀስታ።

«የሽንጥ።»

«አባባ፣ ቁጥር ሦስት ላይ የደረት ነው ያልከው። ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ!»

እትዬ አበበች ናቸው ነገሩን የገላገሉት። «አዲያ ካወቅህ ምን ታለቅሳለህ? አንተ ንገረው፣ እሱ ይጻፍ» አሏት።

እንደዚያው ሆነ። ባዛሩ እስኪዘጋ በየቀኑ ከሰዓት አባትና ልጅ ጠረጴዛዬ ጋ ይቀመጣሉ፤ እሷ በቃሏ ታስጽፋለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ፣ በየገጹም ይጨቃጨቃሉ። ባለጉዳዩ በዛ። ለፈተና የማይወጣ ነገር እንዲህ ሰው ሲሰበስብ ሶዶ ላይ አይቼ አላውቅም። ሰባቱን ሊገዛ ከሐዋሳ የመጣ አንድ ሰብሳቢ ሽማግሌው በንጹሕ ገጽ ላይ ሲጽፉ አይቶ፣ አስከሬን ያየ ያህል ራሱን ይዞ ተመለሰ። አላዘንኩም። እኔ ዳር ቆሜ ይህን ጊዜ አነብ ነበር፤ ገጹ ሲያልቅ ቀጣዩን እየጠበቅሁ።

በመጨረሻው ቀን ሰባቱም ሞሉ። ስምንቱን በአንድ ጨርቅ አስሬ ለሲስተር ሰጠኋት። አባባ ዳና ሊነሱ ሲሉ ቀና ብለው ከላይ የተሰቀለውን አዩ።

«ያ ምንድን ነው?»

«ቁጥር አንድ ነው፣ አባባ። የታሪኩ መነሻ።»

አባትና ልጅ ተያዩ። እነሱ ቤት ቁጥር አንድ ገብቶ አያውቅም። «ያን ጃንጥላ ከየት እንዳመጣው አባባን ሁልጊዜ እንደጠየቅኩት ነው» አለች ሲስተር። «እኔም አላውቅም እለዋለሁ» አሉ አባቷ።

ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ላስቲኩ ከመድረቁ የተነሳ ሲከፈት ተሰነጠቀ። አባባ ዳና የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ ፈገግ አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«እርሳስ አምጣ። ካልወደድከው ታጠፋዋለህ።»

ከደረት ኪሴ እስክሪብቶ አውጥቼ ሰጠኋቸው።