ላሚኔት የለበሰችው ካርድ

ሰው የሚወደውን ነገር በምን ያቆየዋል? አንዱ ይቀብረዋል፣ አንዱ ይቆልፍበታል። እስራኤል አገር፣ ጊቫት ኦልጋ ያለነው እኛ ደግሞ ላሚኔት እናስደርገዋለን። አትፍረዱብን። ሱዳንን ስናቋርጥ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረንም፤ እዚህ ስንደርስ ግን በየሚስራዱ፣ ማለቴ በየመሥሪያ ቤቱ፣ ያለ ወረቀት ሰው መሆናችንን የሚያምነን ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እጃችን የገባውን ሁሉ በትኩስ ፕላስቲክ እናሽጋለን፤ መታወቂያውን፣ የሠርጉን ፎቶ፣ የክትባቱን ካርድ። ባለቤቴማ አንዴ የማቀዝቀዣውን ዋስትና አሳሽጋ፣ ለጥገና የመጣው ሰው የሚፈርምበት ቦታ አጥቶ ተመልሷል።

ልጄ አሳፍ የኳስ ተጫዋቾች ካርድ ይሰበስብ ነበር። ደሞዙን ይዞ ይወጣና መዳፍ የማትሞላ ካርድ ይዞ ይመጣል። «አባ፣ ይህቺ ውድ ናት» ሲለኝ፣ «የሰው ፎቶ ገዝተህ?» እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳበሸቅሁት እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን አምርሬ «እንቶ ፈንቶ» አልኩት፤ ሳምንት ሙሉ ተኳረፍን። እንዴት ልታረቀው? ከሁሉ አብልጦ የሚወዳትን ካርድ ሳይነግሩኝ አውቃታለሁና፣ ከላላው ሽፋኗ አውጥቼ ክፋር ብራንዳይስ ሰፈር አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኳትና ላሚኔት አስደረግኳት። ስሰጠው የፕላስቲኩን ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ፤ ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመና «አመሰግናለሁ አባ፣ በጣም ታምራለች» አለኝ። የዚያን ቀን ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ በመኪና አደጋ ሞተብኝ።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ያቺ «እንቶ ፈንቶ» ያልኳት ቃል ዕረፍት ነሳችኝ። ከሚያውቅ ሰው አፍ «ልጅዎ ልክ ነበር» ሲባል ሰምቼ፣ መቃብሩ ላይ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው ፈለግሁ። ስለዚህ ካርዶቹንና አብሯቸው ያገኘሁትን የአሳፍን ደብተር ይዤ መሀል ሐዴራ ካርድ የሚገምት ወጣት ዘንድ ሄድኩ። የእኛው ልጅ ነው፤ አማርኛው ይሰባበራል እንጂ አክብሮቱ ሙሉ ነው።

ያቺን ካርድ አስቀድሜ ሰጠሁት። በማጉያ መነጽር ጠርዟንና የጀርባዋን ቁጥር ደጋግሞ አየ።

«አባባ፣ ዜ አሚቲ፣ እውነተኛ ናት። ከእሷ ዓይነት የታተመው በጣም ጥቂት ነው።»

ልቤ ሞቀ። እሱ ግን ፕላስቲኩን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገና አቀረቀረ።

«ላሚኔት ያደረጋት ማነው? ሙቀቱ አጣብቆታል፣ አይላቀቅም። እንዲህ ሆና ምንም አታወጣም። እርስዎ አይዘኑ።»

«አሳፍ ያውቅ ነበር?» አልኩት።

ደብተሩን ገለጠ። ለካ ልጄ ጓደኞቹ ካርድ ሲለዋወጡ እንዲያዩት የእያንዳንዱን ዋጋ በየመስመሩ ጽፎ ኖሯል። የዚያች ዋጋ ተሰርዟል፤ አጠገቡ በዕብራይስጥ ሦስት ቃል አለ። ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ አነበበልኝ፦ «ለአባ እንዳትነግሩት።»

እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። አንድ ይቅርታ ልጠይቅ ወጥቼ ሁለት ይዤ ተመለስኩ።

በማግስቱ መቃብሩ ዘንድ ሄድኩ። «ልጄ፣ ልክ ነበርክ፤ ካርድህ ውድ ናት አሉኝ። ስላቃለልኩብህ ይቅር በለኝ» አልኩት። ሁለተኛውን ይቅርታ ግን ዋጥኩት። እሱ ያን ያህል ተጠንቅቆ የደበቀልኝን፣ እኔ አውቄዋለሁ ብዬ እንዴት ላሳዝነው?