እድሩ ለታደለ ጊታር ፒክአፕ ሲመርጥ

ባል የሞተባት ሴት ብዙ ነገር ይጎድላታል፤ ምክር ግን አይጎድላትም። ምክር በክረምት እንደሞላ ባሮ ነው፤ ሳትጠሩት ደጃችሁ ድረስ ይመጣል። ቀና ብዬ ስሄድ «ምነው ቶሎ ረሳችው» አሉኝ። ሳጎነብስ «ራሷን ጣለች» አሉኝ። አንዷ ጎረቤቴ ሐዘን ለጉበት አይስማማም ብላ ጥዋት ጥዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ እንድጠጣ አዘዘችኝ። ሌላዋ ደግሞ ሎሚው ራሱ ለጨጓራ አይስማማም ብላ ከለከለችኝ። ሁለቱም ባል አልሞተባቸውም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ከአንጀት ያላለቀሰም ምክር አይገደውም ብላችሁ ጨምሩበት።

ይህን ሁሉ ችያለሁ። ሃያ ዓመት አማርኛ ያስተማረች ሴት ብዙ የማይረባ ዓረፍተ ነገር ሰምታ ዝም ማለትን ትለምዳለች። ያልቻልኩት የባለቤቴን ጊታር ጉዳይ ነው።

ባለቤቴ ታደለ የጤና መኮንን ነበር። ሳምንቱን ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ይሠራና ቅዳሜ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ይመለሳል። ይታጠባል፣ ይበላል፣ ከዚያ ጊታሩን ያነሣል። ጊታሩ ተራ ጊታር አልነበረም፤ ሆዱ ባዶ፣ ደረቱ እንደ ቫዮሊን የጎበጠ፣ ለጃዝ የተሠራ ነው። ጃዝ የማታውቁ ካላችሁ አትፈሩ፤ እኔም ይህን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ አላወቅሁትም። የገባኝን ያህል፣ ዜማው ወደ አንድ ቦታ ለመሄድ ይነሣና መንገድ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። ሲመለስ ግን የሄደበትን ያውቃል። ታደለም እንደዚያው ዓይነት ሰው ነበር፤ ለስኳር ልኬው ሚስማር ገዝቶ ይመጣል።

ሲሞት የእድራችን ሴቶች መጥተው ሬዲዮኑን አወጡ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ጨርቅ ጣሉ። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ሙዚቃ በቤቱ አይሰማም። ደግ ነው፤ ወጉ ነው። ቀጥሎ ዓይናቸው ጊታሩ ላይ አረፈ። እውነቱን ለመናገር ጊታር ሰው ካላነሣው በራሱ አይዘፍንም፤ ይህን የሚያስረዳቸው ግን አልተገኘም። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደጀኔ፣ ነገርን በእንጥልጥል መተው የማይወድ ሰው፣ ጊታሩን በእድሩ አዲስ ፍራሽ ላስቲክ ጠቀለለው፤ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገና ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር አጋደመው። ቤታችን ኮርኒስ የለውም። የጋምቤላን ቆርቆሮ ለማታውቁት ምን ብዬ ልንገራችሁ? በመጋቢት ከሥሩ የቆመ ሰው ስለ ኃጢአቱ በቁም ነገር ያስባል። ላስቲክ ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ እንደ እኛው ያልበዋል። ጊታሩ እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት ሙሉ አዘነ።

ሙት ዓመቱ ወጣ፤ እኔም ጥቁር ልብሴን አወለቅሁ፤ ኦጁሉን ጠራሁት። ኦጁሉ የከተማችን ልጅ ነው፣ አኙዋ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ጊታር መቺ። ልጅ ስል በእኔ ዕድሜ ነው እንጂ እሱ የልጆች አባት ነው። ጃዙን ከታደለ ነው የተማረው፤ ስንት ቅዳሜ አብረው አሳልፈዋል። ላስቲኩን በቢላ ሲቀድደው ውሃ መሬት ላይ ተንጠባጠበ። ጊታሩን ወለወለው፣ አደረቀው፣ ክሩን ለወጠ፣ ከማጉያው ጋር አገናኘው፣ መታው። ምንም የለም። ገመዱን ቀየረ። ምንም። ጆሮውን እንጨቱ ላይ አድርጎ ቆየና፣

«ቲቸር፣ እንጨቱ ደህና ነው» አለኝ። «ፒክአፑ ነው የሞተው።»

ሞተ ነው ያለው። ሌላ ቃል ያጣ ይመስል።

ፒክአፕ ማለት መኪናው አይደለም። ከክሮቹ ሥር የተቀበረች፣ ማግኔት ላይ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባት ነገር ናት። የክሩን መንቀጥቀጥ ሰምታ ለማጉያው የምትነግረው እሷ ናት። ሽቦው ዝጎ ተበጥሷል፤ መለወጥ አለበት።

«አንቺ መጫወት አትችዪ፣ ጊታር ምን ያደርግልሻል?» ትሉ ይሆናል። የጠየቃችሁኝ እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ነገሩ እንዲህ ነው። የታደለ ድምፅ ስልኬ ውስጥ አለ፤ «ሽንኩርት ልግዛ ወይስ አለ?» ይላል። ጨዋታው ግን የለም። ልቅዳህ ስለው «ቆይ፣ ደህና አድርጌ ስችለው» ይለኝ ነበር። እኔም ቆየሁ። አሁን ድምፁ ከጆሮዬ እየሄደብኝ ነው። ዜማውን አይደለም የምላችሁ፤ ዜማውን ኦጁሉም ይችለዋል። ድምፁን፣ ያቺ ከዚያ እንጨት የምትወጣዋን ድምፅ ነው። አንድ ጊዜ በትክክል ብሰማት እይዛታለሁ ብዬ አሰብኩ። ያልሆነ ፒክአፕ ከገባበት ግን ሌላ ድምፅ ይወጣል፤ እኔም በዚያኛው ይህኛውን እረሳዋለሁ። የፈራሁት ይህንን ነው።

አዲስ አበባ ላለው የታደለ ወንድም ለሰለሞን ደወልኩ። ሰለሞን ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ሁለት ዓይነት አገኘ። አንደኛው ባለ አንድ ጥቅል ነው፤ እንደ ድሮው፣ ከነጉድለቱ። ጉድለቱም በአካባቢው ያለውን መብራት ሁሉ እየሰማ እምምም ብሎ ይጮኻል። ሁለተኛው ባለ ሁለት ጥቅል ነው፤ አንዱ ጥቅል የሌላውን ጩኸት ያጠፋዋል። ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ሰፊ ነው፤ እሱን ለማስገባት የጊታሩ ደረት መቀደድ አለበት። ሰለሞን የሁለቱንም ድምፅ ቀድቶ በቴሌግራም ላከልኝ። እኔ ደግሞ ላስቲኩ ያመጣውን መዘዝ ለጋሽ ደጀኔ ነገርኩት። እንዲያውቀው ብቻ ነበር። ዝም ማለት ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ደጀኔ ነገሩን አስቦበት ለእሑዱ የእድር ስብሰባ አቀረበው። ላስቲኩ የእድሩ ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ የእድሩ ነው፤ ስለዚህ የሚተካው እድሩ ነው፤ ስለዚህ የሚመርጠው እድሩ ነው። እንዲህ ያለ ሎጂክ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። ማንጎው ጥላ ሥር ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ሙዚቃው አብሮ ይቆራረጣል፤ ጃዝ ነውና ማንም ልዩነቱን አላወቀም።

«ይሄኛው ራሱ ታደለ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና» አለች አንዲት እናት ባለ ሁለት ጥቅሉን ሰምታ፣ እንባዋን እየጠረገች። ባለ አንዱን ስትሰማም ያንኑ አለች።

ጎግ ወረዳ በቆሎ የሚያርስ ጎረቤታችን «ድምፁ ሩቅ የሚሰማው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ለሠርግም ያገለግላል።»

«እኔ እንደሚመስለኝ» አለ ጋሽ ደጀኔ ተነሥቶ፣ «አባቶቻችን ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ብለዋል። ባለ ሁለት ጥቅሉ ይሻላል።»

አባቶቻችን ስለ ጊታር መናገራቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እጅ ወጣ፤ ባለ ሁለት ጥቅሉ አለፈ። ደረቱን ማን ይቀደዋል ሲባል ጋሽ ደጀኔ የእድሩን አናጢ ጠቆመ። የእድሩ አናጢ ሳጥን የሚሠራልን ሰው ነው፤ የታደለንም እሱ ነው የሠራው። ሰውየው ትሑት ነውና «ልኩን አውቀዋለሁ» አለ።

«ቆዩ» አልኩ። «እስኪ ላስብበት።»

«ምኑ ይታሰባል፣ ወይዘሮ አስቴር? ድምፅ ተሰጥቶበታል እኮ» አለ ጋሽ ደጀኔ።

ወደ ቤት ስመለስ ኦጁሉ አብሮኝ ሄደ። ከሁሉም ይልቅ የእሱን ሐሳብ ልስማ ብዬ «ታደለ ራሱ ቢሆን የትኛውን ይመርጥ ነበር?» አልኩት።

«ጋሼ? ባለ ሁለቱን ነዋ። ጩኸት በጣም ይጠላል። ለዚያ አይደለም ወንበር የሚያዞረው?»

«የቱን ወንበር?»

«ይሄ ባለ አንዱ፣ ቲቸር፣ ስትዞሪበት ጩኸቱ ይቀንሳል። ዝም የሚልበት አቅጣጫ አለው። ጋሼ ያንን ይፈልግና እዚያ ይቀመጣል።»

መንገዱ ላይ ቆምኩ። አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈኝ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የሳሎናችን በር ወደ ባሮ ነው የሚከፈተው፤ ከሰዓት በኋላ ያለችው ትንሽ ነፋስ በዚያ ነው የምትገባው። እኔ በሌላው ጫፍ፣ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ደብተር አርማለሁ። ታደለ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ ይጫወታል። «አንተ ሰውዬ፣ ዞር ብለህ ወደ በሩ ብትቀመጥ ነፋስ ታገኝ የለም ወይ?» እለዋለሁ። «ወደ በሩ ስዞር ይጮኻል» ይለኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ የተማሪ ስሕተት አሰምርና ፈገግ እላለሁ። ታደለ እወድሻለሁ ማለት የሚያሳፍረው ሰው ነበር፤ ሳያፍር የሚለው ለጊታሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ያቺን «ይጮኻል» ሰበብ ናት ብዬ ወሰድኳት። ትዳራችንን ሙሉ ሰበብ ናት ብዬ፣ ለእኔ የተላከች አድርጌ አስቀመጥኳት።

ለካስ እውነቱን ነው። ያዞረው መብራቱ ነው። ጠረጴዛዬን እኔ ሌላ ጥግ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ግድግዳ እያየ ይጫወት ነበር።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሟቹ ይፈልገው የነበረው ጸጥ ያለውን ነው፤ ወንድሙ ይህንኑ ይላል፤ እድሩ ድምፅ ሰጥቶበታል። ተቃዋሚ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ምክንያቷን ለማንም መናገር ታፍራለች። ሰለሞን ደውሎ «አስቱ፣ ወንድሜ ዕድሜውን ከዚያ ጩኸት ጋር ሲጣላ ኖሯል፤ አሁን እንኳ ይረፍ» አለኝ። አነጋገሩ ልቤን ነካው፣ አናደደኝም። እሱ አርፏል። ያላረፍኩት እኔ ነኝ። የታደለን ምኞት ለታደለ ላደርስለት አልችልም። እኔ የኖርኩት ግን ከምኞቱ ጋር አልነበረም፤ ከነጩኸቱ ነው የኖርኩት። ወደ እኔ ያዞረውም ጩኸት ከሆነ፣ ጩኸቱ ባለውለታዬ ነው።

«ባለ አንዱን ላክልኝ።»

«ይጮኻል እኮ።»

«ይጩህ።»

ጋሽ ደጀኔ ሲሰማ ተቀየመኝ። «የእድርን ውሳኔ የሻረች ሴት አላየሁም» አለ። «ጋሽ ደጀኔ፣ እድሩ በቀብሬ ድምፅ ይስጥ፤ በጊታሩ ተዉኝ» አልኩት። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የምትለዋን እኔው እየሰማሁ ለሚስቱ ነገራት። ዕቃው በአውሮፕላን በሚመጣ ሰው እጅ ደርሶ ኦጁሉ በበየደው ቅዳሜ ግን ቀድሞ የተገኘው ጋሽ ደጀኔ ነበር፤ ከፊት ደህናዋን ወንበር መርጦ ተቀምጧል።

ኦጁሉ ማጉያውን ከፈተ። እምምም። ጋሽ ደጀኔ «አላልኩም?» በሚል ዓይን አየኝ። ኦጁሉ ወንበሩን ቀስ እያለ አዞረ፣ አዞረ፤ ፊቱ ወደ ጠረጴዛዬ ሲመጣ ጩኸቱ ጠፋ። ከዚያ መታው።

እሷው ናት። ስለ ድምፅ መጻፍ አልችልም፤ እሷው ናት ካልኳችሁ ይበቃል። ያልተነካው እንጨት፣ ያቺ ትንሽ ጨለም ያለች፣ ጉሮሮዋን ያላጠራች ድምፅ። ይዣታለሁ፤ አሁን አትሄድብኝም።

ኦጁሉ ሁለት ዜማ ተጫወተና ላቡ አስቸገረው። ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። «ቲቸር፣ በጣም ሞቀኝ» አለና ከነወንበሩ ወደ በሩ መዞር ጀመረ። በጎን ሲሆን ጊታሩ ጮኸ። እኔም ወደ በሩ ሲዞር ይብሳል ብዬ ጠበቅሁ። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ለነፋሱ ሰጠ። ጩኸቱ ጠፋ። ጭጭ።

«ቆይ እስኪ ኦጁሉ። ወደ በሩ አይጮኽም?»

«አይጮኽም። ይሄ ዕቃ ፊትና ጀርባው አንድ ነው፣ ቲቸር። የሚጮኸው በጎን ነው። ዝም የሚልበት አቅጣጫ ሁለት ነው፦ ወደ አንቺና ወደ በሩ።»

«የድሮውስ?»

«የድሮውም እንደዚሁ ነው። ያሳየኝ ራሱ ጋሼ ነው።»

ነፋሱ የኦጁሉን ሸሚዝ ያውለበልበዋል። ሰውየው ደልቶት ሌላ ዜማ ጀመረ።

«ምነው ወይዘሮ አስቴር፣ ጩኸቱ አናደደሽ እንዴ?» አለኝ ጋሽ ደጀኔ ፊቴን አይቶ።

«አዎ፣ አናዶኛል» አልኩት። ምን ልበለው? በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ በዚያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ነፋሱን ጀርባው ላይ ጥሎ ዓይኔን እያየ «ይጮኻል» ይለኝ ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ባለቤቴ ውሸታም ነበር።