ድንች ያየ ባል ተራራ አያይም

ለሽርሽር ወጥቶ አስቤዛ ሳይሸከም የተመለሰ የቡራዩ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ባሌማ የእነዚህ ሰዎች ሊቀመንበር ነው።

በተጋባን በአሥረኛ ዓመታችን «ዛሬ ተራራ ብቻ ነው የምናየው፤ ምንም አንገዛም» ብሎ ማለልኝ። ሱሉልታን አልፈን ብዙ ከተጓዝን በኋላ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ድንገት መኪናውን አቆመ። ተራራውን ሊያሳየኝ ነው ብዬ ልቤ ቅልጥ አለ። እሱ ግን ለገደሉ ጀርባውን ሰጥቶ፣ መንገድ ዳር ድንች የሚሸጡትን አዛውንት «ኦቦ፣ አካም ጅርቱ? ድንቹ ከራስዎ ማሳ ነው?» ይላቸዋል! አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ገዝቶ የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ አሰረለት። ለእኔ አንድ ቀን አስሮልኝ አያውቅም።

አኮረፍኩ። ታዲያ አላኩርፍ? ፈጣሪ ያን ሁሉ ተራራ ያቆመው ለድንች መደገፊያ ነው?

ስንመለስ፣ ፀሐይዋ ተራራው ላይ ዘንበል ስትል «አቁም!» ብዬ ጮህኩ። ባሌ ተጸጽቶ ኖሮ ወዲያው ቆመ። ስልኩን እያወጣ «ነይ፣ ከተራራው ጋር ላንሳሽ» አለኝ።

የት አግኝቶኝ! ቀድሜው ወርጄ፣ መንገድ ዳር የተከመረውን ጥቅል ጎመን እያገላበጥኩ ነበር።

ፎቶው ሳሎናችን ተሰቅሏል። ተራራው ከኋላዬ፣ ጎመኑ እቅፌ ውስጥ፤ በሠርጌ ቀን እንኳን እንደዚያ አልሳቅኩም።