ጋሽ ይሁን እንጂ እና አሥራ ሦስተኛው ብሎን

ገዢን የሚያታልል ሻጭ በየገበያው ሞልቷል፤ ለእሱ ሕግም፣ ፖሊስም፣ እርግማንም ተዘጋጅቶለታል። መድኃኒት ያልተገኘለት ሌላው ዓይነት ሻጭ ነው፤ የገዛ ዕቃውን የሚያማው። ይህ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ምናልባት አጎትዎ ነው፤ ምናልባትም ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊትዎ የሚቀመጠው ባልደረባዎ። ቤቱን ሊያከራይ ይነሣና ተከራዩን ደጃፍ ላይ አቁሞ ጣሪያው የት የት እንደሚያፈስ በጣቱ ያሳያል። «ኮትህ ያምራል» ሲሉት ገበሩን ገልጦ የተጣፈበትን ቦታ ያስመለክታል።

ለእኔ የደረሰኝ ግድግዳ የሚያዋስነኝ ጎረቤቴ ናቸው። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ይሁን እንጂ» ይላቸዋል። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ሲሆኑ፣ እሳቸውም በዚህ ስም የሚጠሯቸው በጣም ሲናደዱባቸው ብቻ ነው። ጋሽ ይሁን እንጂ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሚዛንና የመስፈሪያ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ፣ በትንሽ የእንጨት ሣጥን የሚይዟቸውን የነሐስ ክብደቶች በነጋዴው ሚዛን ላይ እያኖሩ፣ ያጋደለውን ያቃኑ ነበር። ጡረታ የወጡት ከመሥሪያ ቤቱ እንጂ ከሥራው አይደለም። በአንድ ወገን ብቻ የከበደ ዓረፍተ ነገር ከሰሙ፣ በሌላው ወገን የሚመጥነውን ክብደት ሳያኖሩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

አንድ ሠርግ ላይ፣ የሙሽራው ዘመዶች ስለ ልጃቸው ትምህርትና ጨዋነት ተራ በተራ ተናግረው ሲጨርሱ፣ ከጎኔ ብድግ አሉና «የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሲስቅ አይታችሁታል?» ብለው ጠየቁ። ለእህታቸው ልጅ የጻፉለት የድጋፍ ደብዳቤም በሰፈሩ የታወቀ ነው። «ታታሪ፣ ሐቀኛና ሰዓት አክባሪ ወጣት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህን ለማረጋገጥ የቻልሁት እቤቴ ለምሳ በመጣባቸው ቀናት ብቻ ነው» ይላል። ወጣቱ እስከ ዛሬ ሥራ ይፈልጋል።

እንግዲህ የላፕቶፑ ነገር የመጣው በእኚህ ሰው ቤት ላይ ነው።

ላፕቶፑ አሮጌ ነው። መጀመሪያ ታላቅ ልጃቸው ተምሮበታል፤ ከእሱ ወደ ታናሽ እኅቱ ተላለፈ። ክዳኑ ብቻውን ስለማይቆም ከኋላው በመዝገበ ቃላት ይደገፋል። ከኪቦርዱ አንዲት ቁልፍ ወልቃ በቦታዋ የጥርስ ሳሙና ክዳን ተለጥፎባታል። ልጅቷ የፋርማሲ ተማሪ ናት፤ የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስረከብ አሥር ቀን ሲቀራት ላፕቶፑ በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል ድርግም አለ። ጽሑፉ በፍላሽ ተቀድቶ ስለነበር ተርፏል፤ የሚጻፍበት ግን የለም። በቀነ ገደቡ ካላስረከበች የምትጠብቀው አንድ ሙሉ ዓመት ነው።

እናት ሳይውሉ ሳያድሩ ፈረዱ። «ሽጠው! ትንሽ ጨምረንበት ለልጅቷ የሚሠራ ይገዛላት።»

ልጅቷም ለመነች። «አባዬ፣ አሠራው በቃ። ሌላ እስክትፈልጉ ቀኑ ያልቃል።»

ጋሽ ይሁን እንጂ ግራ ቀኙን በጥሞና አዳመጡ። «ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ይሁን እንጂ ሁለታችሁም አልመዘናችሁትም» ሲሉ ብይን ሰጡ። ከዚያም ተነሥተው ላፕቶፑን መዘኑት። ማጋነኔ አይደለም፤ የነሐስ ክብደቶቻቸውን ከሣጥኑ አውጥተው በሚዛን መዘኑት።

ምዘናው ሲንዛዛ ልጅቷ ፍላሿን ይዛ የእኔን በር አንኳኳች። «ጋሼ፣ ኮምፒውተርዎን ለአንድ ሁለት ቀን ብቻ…» አለች። እኔ ዕድሜዬን በርእሰ መምህርነት ያሳለፍሁ፣ አሁን ደግሞ በጠረጴዛዬ ማንም እንዲቀመጥ የማልፈቅድ ሰው ነኝ። ፈቀድሁ። ሁለቱ ቀን አራት ሲሆን አባት ሊጎበኟት መጡ፤ እርሳሷን አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ተንከባሎ ወደቀ።

«ጠረጴዛዎ ጥሩ እንጨት ነው» አሉኝ፤ «ይሁን እንጂ አንዱ እግሩ አጥሯል።»

«ሃያ ዓመት ጽፌበታለሁ» አልኋቸው።

«አዎን፣ ጽሑፍዎ ላይ ይታያል» አሉና እንደ መጡ ሄዱ።

በማግሥቱ በሰፈራችን ሱቅ በር ላይ የሚከተለው ማስታወቂያ፣ በደንብ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ፣ ተለጥፎ ተገኘ፦

«ለሽያጭ የቀረበ አሮጌ ላፕቶፕ። አይሠራም። ሲሠራም ቀርፋፋ ነበር። ማጠፊያው ተሰብሯል። ማራገቢያው ከሁለት ወር ወዲህ ያንኳኳ ነበር። ባትሪው ሰባት ደቂቃ ይቆያል፤ አንድ ጊዜ ዘጠኝ ደቂቃ ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ ይህ ዳግመኛ አልታየም። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ስልሳ ግራም፤ ከነአቧራው።»

ይህን አንብቦ የሚመጣ ገዢ ይኖራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። አንዲት መጣች፤ የመንገድ ዳሯ ልብስ ሰፊ። ወንድሟ እንዲህ ያለውን መጠገን ያውቅበታል፤ እሷ የምትፈልገው የልብስ ሞዴሎችን ለደንበኞቿ የምታሳይበት ብቻ ነው። እኔም የጠረጴዛዬን ነፃነት በዓይኔ ለማየት ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ አዳምጥ ነበር።

«ቆንጆ ነው ጋሼ፣ እወስደዋለሁ» አለች።

«ቆንጆ እንኳ አይደለም» አሉ ጋሽ ይሁን እንጂ። «ደግሞም ሲሠራ እንደ ካውያ ነው የሚግለው።»

«ካውያ እኮ እንጀራዬ ነው! ምን ቸገረኝ?» ብላ ሳቀች።

ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። በዚህ ቅጽበት ግን የጋሽ ይሁን እንጂ ዓይን ከሴትዮዋ አንገት ላይ በተንጠለጠለው ሜትር ላይ አረፈ። ተቀብለው በራሳቸው የብረት ማስመሪያ ለኩት። «ሜትርሽ አርጅቶ ተለጥጧል። በሜትር ሁለት ሣንቲም ይበላል። ወገብ ጠበበኝ የሚሉሽ ደንበኞች አልበዙም?»

ሴትዮዋ ሜትሯን መንጭቃ ተቀበለች። «ዕቃ ልገዛ መጥቼ ተሰድቤ ልሂድ? በሉ ይቅርብኝ!»

ባለቤታቸው ከውስጥ ሲጮኹ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ በእውነተኛ ስማቸው ነበር የጠሯቸው። «አንተ ሰውዬ! ሴትዮዋ ልትገዛ መጣች እንጂ ልትፈተሽ መጣች?»

«ገዝታ ከሄደች በኋላ ብነግራትስ ምን ይባላል?» አሉ እሳቸው፣ ከልባቸው ግራ ተጋብተው።

ልጅቷ አምስት ቀን ቀራት። እኔም ትዕግሥቴ አለቀ፤ ደጃቸው ድረስ ሄጄ፣ በትምህርት ቤት በር ላይ የምታወቅበትን ፊቴን ይዤ፣ «ጌታዬ፣ ዛሬ ወይ ይሸጣል ወይ ይጠገናል» አልኋቸው።

«ልክ ነዎት፤ ይሁን…»

«ይሁን እንጂ የለም! ጫማዎን ያድርጉ።»

የወሰድኋቸው በሩ ላይ «የላፕቶፕ ሆስፒታል» የሚል ሰሌዳ ወዳለው፣ ደንበኞቹ «ዶክተር» ወደሚሉት ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከሦስት ሰው በላይ አያስገባም፤ ግድግዳው ሆድ ዕቃቸው በተዘረገፈ ላፕቶፖች ተሞልቷል። ዶክተሩ በካቻቢቴው የእኛን በሽተኛ ፈታታው፤ ብሎኖቹን በጠርሙስ ክዳን ውስጥ አኖራቸው፤ አንድ ሁለት ቦታ በመለኪያው ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«ፋዘር፣ ማዘርቦርዱ ሄዷል። እሱን መቀየር አያዋጣዎትም። ከፈለጉ ለመለዋወጫ እኔው ልግዛዎት።»

የጠራውም ዋጋ፣ ለሬሳ፣ የሚናቅ አልነበረም። እኔም በክርኔ ጎሸም አደረግኋቸው። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ በዚያች ሰዓት የሚታየኝ ጠረጴዛዬ ብቻ ነበር።

ጋሽ ይሁን እንጂ ግን የሚያዩት የጠርሙሱን ክዳን ነው። «ዋጋው ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ቀዳዳው አሥራ ሦስት፣ ብሎኑ አሥራ ሁለት ነው።»

«ሲመጣም አልነበረም ፋዘር።»

«ነበር። አምና አቧራውን ልጠርግ ስከፍተው ቆጥሬ ነው የመለስሁት።»

«እሺ፣ አንድ ብሎን ጎደለ። አንድ ብሎን ምን ይሠራል?»

«አንድ ብሎን ከጎደለ ወይ ውጭ ወድቋል ወይ ውስጥ አለ። ውጭ ቢወድቅ ባለቤቴ ታገኘው ነበር፤ ከእሷ መጥረጊያ የሚያመልጥ ነገር በቤታችን የለም። ስለዚህ ውስጥ ነው።» ይህን ብለው በሱቁ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አቀማመጣቸውን ሳየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ነጋዴዎች ምን እንዳዩ ገባኝ።

ሁለት ደንበኞች ገብተው ወጡ፤ ሦስተኛዋ በር ላይ ሆና ተመለሰች። ጋሽ ይሁን እንጂ ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ ዶክተሩ፣ ወንበሩን ለማስለቀቅ ብቻ፣ እያጉረመረመ ማዘርቦርዱን ከእነማራገቢያው ነቅሎ አወጣና ገልብጦ አራገፈው። ቅንጣት የምታህል ነገር ከጠረጴዛው መስታወት ላይ ወድቃ «ጢን» አለች።

ብሎኗ ከማራገቢያው የላላች ናት፤ ሁለት ወር ሙሉ ስታንኳኳ ከርማ፣ በመጨረሻ ማዘርቦርዱ ሥር ተሸጉጣ ኤሌክትሪኩን ያለ ቦታው አገናኝታ ላፕቶፑን ያጠፋችው እሷ ኖራለች። ዶክተሩ ሥፍራውን በብሩሽ ጠራረገ፤ ሁሉንም መልሶ ገጠመ፤ በዚህ ጊዜ ብሎኖቹን ጮክ ብሎ እየቆጠረ። ቁልፉን ሲጫነው ማራገቢያው ዞረ፤ መብራቱም በራ።

«ፋዘር» አለ ዶክተሩ ላቡን እየጠረገ፣ «እዚህ ሥራ አይጀምሩም?»

«እጅህ ጥሩ ነው» አሉት በርኅራኄ፤ «ይሁን እንጂ ሆስፒታል ብለህ ጽፈህ፣ በሽተኛው ሳይሞት ሬሳውን ልትገዛ ነበር።»

ዶክተሩ እየሳቀም እያፈረም አንድ የመጨረሻ ሙከራ አደረገ። «አሁን ከሠራ እኮ ደህና ያወጣል። እጥፍ እሰጥዎታለሁ፣ ይሽጡልኝ። ምን ሊያደርግልዎ? ማጠፊያው ስብር ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ ቁልፉን ይዩት፣ የሳሙና ክዳን! ዘመኑ አልፎበታል።» እኔም ነገሩን ሚዛናዊ ላደርግ ብዬ «አርጅቷል፣ እውነት ነው» አልሁ።

ጋሽ ይሁን እንጂ ላፕቶፑን አንሥተው በብብታቸው ሥር ያዙት። «አርጅቷል። ተሰብሯል። ቀርፋፋም ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይሁን እንጂ ሁለት ልጅ አስተምሯል።»

መንገዱን ሁሉ ይህን እያሰብሁ አብሬያቸው ተራመድሁ። እኚህ ሰው ሲያጣጥሉ እንጂ ሲያወድሱ ሰምቻቸው አላውቅም ብዬ ነበር የማምነው። ግን ሰምቼ ነበር፤ አንድ ጊዜ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ወላጆች ተሰብስበው ከርእሰ መምህርነቴ እንድነሣ ጠይቀው ነበር። ጨካኝ ነው፣ ልጆቻችንን ከበር ይመልሳል ተባልሁ። ሃያ ሰው ተነሥቶ ተናገረ፤ አንድም የተከላከለልኝ አልነበረም። በመጨረሻ እኚህ ጎረቤቴ እጃቸውን አወጡ። አለቀልኝ አልሁ።

«የተባለው ሁሉ ልክ ነው» ሲሉ ጀመሩ። «የሰውየው ፊት አይፈታም። የእኔንም ልጅ ሁለት ደቂቃ አረፈድሽ ብለው መልሰዋታል፤ ሰዓቴን አይቻለሁ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ዕለት የገዛ ልጃቸውንም ሲመልሱ አይቻለሁ።» ከዚያ ተቀመጡ። እኔም በሥራዬ ቀረሁ። ለዓመታት ከዚያ ንግግር በልቤ የቀረው የሠላሳ ሴኮንዷ ነገር ብቻ ነበር፤ ቂም ይዤባቸው ኖሬያለሁ። ሚዛን ተቆጣጣሪ ክብደቱን የሚያኖረው ባነሰው ሳህን ላይ መሆኑን ለመረዳት አንድ ብሎን አስፈለገኝ።

ልጅቷ ጽሑፏን ቀኑ ሦስት ቀን ሲቀረው ጨረሰች። ሁለቱን ቀን አባቷ ወሰዱትና አርባ አንድ ስሕተት አውጥተው መለሱላት፤ ስሕተቶቹን አርማ በሰዓቱ አስረከበች። ልብስ ሰፊዋ አዲስ ሜትር በአንገቷ አድርጋ ትታያለች፤ ሰላምታ ግን እስካሁን አልሰጠቻቸውም።

ማስታወቂያውን ከሱቁ በር የላጡት ራሳቸው ናቸው። አጥፈው አጥፈው ስምንት እጥፍ አደረጉትና ሳያስፈቅዱኝ ገብተው ከጠረጴዛዬ አጭር እግር ሥር ሸጎጡት። እርሳስ አኖሩበት፤ አልተንከባለለም። አሁን የምጽፈው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጋሽ ይሁን እንጂ አድካሚ ሰው ናቸው። ሠርግ ያበላሻሉ፣ ገዢ ያባርራሉ፣ የሰው ጠረጴዛ ያለ ፈቃድ ያነሣሉ። ከእሳቸው ጋር ግድግዳ መዋሰን ለጠላት እንኳ የሚመኙት አይደለም። ይሁን እንጂ።