ሌክውድ የወረደው ሽምግልና

እኛ ጠብ አይተን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። አሜሪካኖቹ ሁለት ሰው ሲጣላ ካዩ ወይ ፖሊስ ይጠራሉ ወይ መንገድ ይቀይራሉ። እኛ ሽማግሌ እንፈልጋለን። ባልና ሚስት ቢጋጩ ሽማግሌ፣ ጎረቤት በፓርኪንግ ቢጣላ ሽማግሌ። እኔ ግን ትንሽ ሳላበዛው አልቀረሁም። ሁለት ደቡብ አፍሪካውያንን ለማስታረቅ ከአውሮራ ተነስቼ፣ ዴንቨርን አቋርጬ ሌክውድ ድረስ ሽማግሌ ጭኜ ሄጃለሁ።

ሰዎቹ ሲፖና ፒተር ይባላሉ። እንደኔ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሱ የሻትል ሾፌሮች ናቸው። ሲፖ ጥቁር፣ ፒተር ነጭ። ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳቸውን አብረው ሲበሉ፣ በአገራቸው የራግቢ ቡድን ሲከራከሩ ነው የማውቃቸው። ሚሌኒየማችንን ባከበርን በወሩ ግድም፣ ያ ቡድን ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ይደሰታሉ ስል ተኮራረፉ።

ነገሩ የመጣው ከአሰላለፉ ነው። ከአሥራ አምስቱ ተጫዋቾች ውስጥ ነጭ ያልሆኑት ሁለት ብቻ ነበሩ። ነጻ ከወጣን አሥራ ሦስት ዓመታችን፣ እንዴት ሁለት ብቻ? አለ ሲፖ። ፒተር ደግሞ ማሊያው ለሚችል ሰው ነው የሚሰጠው አለ። ሲፖ ሳንድዊቹን አስቀመጠ።

«አባቴም ይችል ነበር» አለና ተነስቶ ሄደ።

በኋላ ለብቻው አጫወተኝ። አባቱ የራግቢ ተጫዋች ነበሩ። በአቧራ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ያያቸው ነበር አሉ። የብሔራዊ ቡድኑ አረንጓዴ ማሊያ ግን በዚያን ጊዜ ለነጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ብሔራዊ ቡድኑ በተጫወተ ቁጥር እነሲፖ ቤት የሚደገፈው የባዕዱ ቡድን ነበር። የገዛ አገርህ ቡድን እንዲሸነፍ መጸለይ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አለኝ። አላውቅም። እኛ ስንሸነፍ ዳኛውን ነው የምንረግመው።

ፒተር ለፍጻሜው ሌክውድ ቤቱ ጠርቶት ነበር። ሲፖ አልሄድም አለ። ፒተር ይህን ሲነግረኝ ከፍቶት ነበር። ሚስቱ አሜሪካዊት ናት፤ ራግቢ ሲባል የሚታያት የተሰበረ አጥንት ብቻ ነው። ያለ ሲፖ ከማን ጋር ነው የማየው? አለኝ። የስድስት ዓመት ወዳጅነት በአንድ አሰላለፍ ሲፈርስ ቆሜ ልይ? አላየሁም።

ጋሽ ወርቁንና ሐጂ ሰዒድን ያዝኩ። ጋሽ ወርቁ ጡረታ ወጥተዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን አይጠፉም። ሐጂ ሰዒድ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ናቸው። ዴንቨር ውስጥ እነሱ ያልገቡበት እርቅ የለም፤ በዚህ እኮራለሁ። ጋሽ ወርቁማ ደቡብ አፍሪካ ስላቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው ወጡ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እዚያው አውሮራ ቻምበርስ ሮድ፣ ሲፖ አፓርታማ ደረስን። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም አይደል? ሲፖ ሶፋውን ያሳያል፣ እነሱ ይቆማሉ። ወንበር ያመጣል፣ እነሱ ይቆማሉ። ምን በድዬ ነው? አለኝ በጆሮዬ። ከፒተር ጋር እሺ እታረቃለሁ እስክትል አይቀመጡም አልኩት። ጉልበት የሚያመው ሽማግሌ ቆሞ ማየት እነሱም አገር ነውር ነው መሰለኝ፣ እሺ ብሎ ጫማውን አጠለቀ።

ሌክውድ ስንደርስ ፒተር ጓሮው ሥጋ እየጠበሰ ነበር። ከሲፖ ኋላ ነጠላና ኮፍያ ሲከተል አይቶ ደነገጠ። በሥጋው ላይ ሽማግሌዎቹ ወዲያው ተስማሙ፤ የማን እጅ እንዳረደው ስለማይታወቅ ሁለቱም አንበላም አሉ። ከዚያ ጋሽ ወርቁ ወደ ጉዳዩ ገቡ። ተጫዋቾቹን የመረጠው ማነው? አሉ። ተረጎምኩ። ፒተር እኔ የሻትል ሾፌር ነኝ እንጂ ማንንም አልመረጥኩም ብሎ ማለ።

ጋሽ ወርቁ አልተበገሩም። እንግዲያው ታሪክ ስሙ አሉ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር አራት አገር ነበርን። ለእኛ የደረሰችን ደቡብ አፍሪካ ናት። የዚያን ጊዜው መንግሥቷ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ እልካለሁ እንጂ ቀላቅዬ አልልክም አለ። እኛም ከሌሎቹ ጋር ሆነን፣ ካልቀላቀላችሁ አትምጡ አልን።

ይህን ስተረጉም ደረቴ ሸሚዜን ሊቀደው ምንም አልቀረው። አብዛኛው አፍሪካ ገና በቅኝ ግዛት እያለ ነው እኮ! ሲፖ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ጋሽ ወርቁን ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያስ? አለ።

ከዚያማ ለፍጻሜ አለፍን አሉ ጋሽ ወርቁ። ሁልጊዜ ታሪኩን እዚህ ላይ ነው የሚያቆሙት። ሐጂ ሰዒድ ግን ውሸትም ግማሽ እውነትም አይወዱም። ሳንጫወት አለፍን፣ ከዚያ ግብጽ አራት ለባዶ ቀጣችን ብለው ጨረሱት።

ሲፖ ሳቀ። ፒተር ግን አልሳቀም። የሥጋውን መቆንጠጫ አስቀምጦ ወደ ሲፖ ዞረ።

«የኔ አባት ለክፍለ ሀገሩ ተጫውቷል። ካንተ አባት ጋር ግን አንድ ቀን አልተጋጠመም። ማን ይበልጥ እንደነበር በምን ይታወቃል? ያን ዕለት ዝም ማለት ነበረብኝ።»

ሲፖ ወንበር ስቦ አጠገቡ ቁጭ አለ። እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩም።

ጨዋታው ሰባት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሐጂ ሰዒድ ወደ ፊት ለመሄድ ኳሱን ወደ ኋላ የሚወረውሩት ምን ነክቷቸው ነው ሲሉ ዋሉ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላቸውም። ደቡብ አፍሪካ አሸነፈች። ፒተር ትርፍ ማሊያ አምጥቶ ነበር፤ ሲፖ ባይለብሰውም ትከሻው ላይ ጣል አድርጎት ተቃቅፈው ዘለሉ። እኛም ዘለልን። ምን አገባን? ደስ አለን።

ወዲያው ሲፖ፣ የእናንተስ የአውሮራ እግር ኳስ ቡድን እንዴት ነው የሚመረጠው? ብሎ ጠየቀ። በቅንነት ነው። ሽማግሌዎቼ ግን አንዱ ነጠላቸውን፣ አንዱ ኮፍያቸውን ያስተካክሉ ጀመር።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ሁለቱም የኛ የኳስ ቡድን መራጭ ኮሚቴ ውስጥ ነበሩ። የነማን ልጅ በዛ፣ የየት አገር ሰው ቀረ፣ ማሊያው ላይ የትኛው ባንዲራ ይለጠፍ ሲባል በጋውን ኮሚቴው ለሁለት ተሰነጠቀ። አንደኛው ወገን ሰባት ተጫዋች ይዞ ሄደ፣ ሌላው ስድስት። አሥራ አንድ የሞላለት የለም። ስለዚህ ያን በጋ ማንም አላሸነፈንም፤ አልተጫወትንማ!

ነገሩን ሳስረዳቸው፣ አንድ ሰው ይምረጥላችኋ አለ ፒተር። ማን? አሉ ሐጂ ሰዒድ። ከኛ መሀል ማንም ቢመርጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ወገን ነህ ተብሎ ነው። ጋሽ ወርቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሲፖንና ፒተርን አዩ።

ዛሬ የአውሮራ ቡድናችን አንድ ነው። መራጮቹም ሲፖና ፒተር ናቸው። ስለ እግር ኳስ አንዳች አያውቁም፤ ፒተር አንዴ በረኛችንን አጥቂ አድርጎ አሰልፎታል። ማንም ግን አድልተዋል ብሎ አያውቅም። ሰውን በዘሩ ለይታ ስታሰልፍ ከኖረች አገር ነው የመጡት፤ እኛን መለየት ግን ጨርሶ አቃታቸው። ለእነሱ ሁላችንም አንድ ዓይነት ነን። የመረጥናቸውም ለዚሁ ነው።